ሦስት ፍሬ ክኒን ብቻ ቆጥራ ለሰጠችኝ ፋርማሲስት

አስም አለብኝ፤ ዕድሜዬ 31 ነው። ከዓመት በፊት ደረቴ ሲዘጋ ሐኪም ለአምስት ቀን ብሎ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን አዘዘልኝ። በማግስቱ ደረጃውን ሳላርፍ ወጣሁት። ከዚያ በኋላ ትንሽ ሲያፍነኝ ራሴ እየገዛሁ መዋጥ ጀመርኩ። ባዶ ማሸጊያውን አሳያለሁ፣ ይሰጡኛል። አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ቀስ በቀስ የየቀኑ ሆነ።

ወደ ጀሞ ቤት ስንቀይር ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ካለው ፋርማሲ ገባሁ። ልጅቷ ማሸጊያውን አገላብጣ አየችው።

«ለማን ነው?»

«ለኔ።»

«ከጀመርሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

ስምንት ወር አልኳት። ሰው ከኋላዬ ተሰልፏል። እሷ ግን ከባንኮኒው ወጥታ ወንበር ሳበችልኝ።

«እህቴ፣ ይሄ ክኒን በየቀኑ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል» አለችኝ። እኔ የአጥንት መሳሳት የእናቶቻችን በሽታ ነበር የሚመስለኝ። አጥንታችን የሚጠነክረው እስከ 30 ዓመት ገደማ እንደሆነ፣ የወር አበባ ሲቋረጥ ደግሞ ቶሎ እንደሚሳሳ የነገረችኝ እሷ ናት። እስኪሰበር ድረስ አያምም፤ አንድ ቀን አዳልጦሽ በእጅሽ ስትደገፊ አንጓሽ ይሰበራል።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ እወጋ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። እሱም በሚወሰድበት ጊዜ የአጥንትን ጥግግት ይቀንሳል፤ ሲቆም አብዛኛው ይመለሳል፤ ግን ሐኪሙ ሁለቱንም አንድ ላይ ማወቅ አለበት አለችኝ። ይህን ማን ይጠይቃል?

ደንግጬ «በቃ ዛሬውኑ አቆማለሁ» ስላት እጄን ያዘችኝ። ለወራት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በአንዴ ሲቋረጥ አደገኛ ነው፤ ሰውነት ከክኒኑ ጋር የሚመሳሰለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ትቶ ስለሚቆይ። እስከ ሐኪም ቀጠሮዬ የሚያደርሰኝን ሦስት ፍሬ ብቻ ቆጥራ ሰጠችኝ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የወሰድኩበትን ጊዜም በወረቀት ጻፈችልኝ።

ሐኪሙ ያንን ወረቀት አንብቦ ነው የጀመረው። ክኒኑን ደረጃ በደረጃ አስቀነሰኝ፣ የሚሳብ ፓፍ ጀመርኩ፣ መርፌውንም በሌላ ቀየርን። የአጥንት ጥግግት ምርመራ ተነሳሁ፤ ተኝቶ መነሳት ነው፣ አያምም። የወገቤ ከዕድሜዬ ከሚጠበቀው በታች ሆኖ ተገኘ። በኔ ዕድሜ በቁጥሩ ብቻ የአጥንት መሳሳት እንደማይባል ሐኪሙ ነግሮኛል፤ ቢሆንም ያን ቀን አልቅሻለሁ።

ውጤቱን ይዤ ተመልሼ ሄድኩላት። ጿሚ ስለሆንኩ ወተቱ በሌለበት ወቅት በቀን 1,000 ሚሊግራም ካልሲየም ከየት እንደማገኝ አብረን አሰላን። ጤፉ፣ ጎመኑ፣ ያልተፈተገ ሰሊጥ። የጎደለውን ሐኪሙ ባዘዘልኝ ክኒን እሞላለሁ። አሁን አራተኛ ፎቅ የምወጣው በእግሬ ነው።

የኔ እህት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስምሽን እዚህ አልጽፍም፣ እንደማትወጂ አውቃለሁ። ጀሞ አካባቢ ያላችሁ፣ በተለይ እንደኔ ለአስም፣ ለቆዳ ወይም ለመወፈር ብላችሁ ይህን ክኒን ሳይታዘዝላችሁ የምትወስዱ ልጆች፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ፋርማሲውን ልጠቁማችሁ። ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ወንበር ስባ ታስቀምጣችኋለች።