«ቀጥሎ ምን ላንብብ?» ብሎ ለተጨነቀ ሰው

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ታሪክ ጨረስኩ። የቴድ ቺያንግ «ስቶሪ ኦፍ ዩር ላይፍ» ነው። በ1998 ታትሞ በ2016 ፊልም ሆኗል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አንዲት የቋንቋ ሊቅ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡሮችን ቋንቋ ትማራለች። ነገሩ በቃ ይኸው ነው። ግን ስጨርሰው ስልኬን ደረቴ ላይ አስቀምጬ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ነጋ። በማግስቱ ሥራ ቦታ ሰው ሲያናግረኝ «እ?» እያልኩ ዋልኩ።

ማንበብ የሚወድ ሰው ይህቺን ቀን ያውቃታል። ጥሩው አልቋል፣ ሌላ መጀመር ያስፈልጋል፣ ግን የሚያነሱት ሁሉ ገለባ ገለባ ይላል። ሳይንስ ፊክሽንና ፋንታሲ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። መጽሐፉ በሽ በሽ ነው። አብዛኛው ወፍራም ነው። ግማሹ የሆነ ተከታታይ ክፍል ነው። ሽፋኖቹም ሁሉ አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ወደ ኮከቦቹ መሮጥ ነበር። አንባቢዎች ለመጻሕፍት ኮከብ የሚሰጡበት አንድ ድረ ገጽ አለ፤ ስሙን ተዉት። «ይህን ከወደድሽ ይህንንም ትወጂዋለሽ» አለኝ። ሽፋኑ ላይ የጠፈር መርከብ፣ ከሥሩ አራት ከግማሽ ኮከብ፣ ከዚያ የአድናቆት መዓት። ገዛሁት። ስልሳ ገጽ ያህል አነበብኩ። ሰዎች ይገናኛሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ ስለ አንድ ሟች እያነሱ ይንሰቀሰቃሉ። እኔ ሟቹን አላውቀውም! የማላውቀው ሰው ለቅሶ ላይ በስህተት የተገኘሁ መሰለኝ። ኋላ ሳጣራ ለካ መጽሐፉ የዘጠኝ ተከታታይ መጻሕፍት አራተኛው ነው። ይህን ለመናገር አንድ መስመር ይበቃ ነበር።

ለታናሽ ወንድሜ አማረርኩ። እሱ ፋንታሲ አንባቢ ነው። ድራጎን የሌለበትን መጽሐፍ አይነካም እያልኩ እስቅበታለሁ።

«እህትዓለም፣ ለመሆኑ ምኑን ነው የወደድሽው?» አለኝ።

«ኤሊየኖቹን።»

«ውሸትሽን ነው። ኤሊየን ያለበት መጽሐፍ ስሰጥሽ ስንቴ ሳትጨርሺ መልሰሽልኛል?»

እውነቱን ነው። ቁጭ ብዬ ሳስበው ልቤን የነካው ፍጡሮቹ አልነበሩም። ሴትየዋ ቋንቋቸውን እየለመደች ስትሄድ አስተሳሰቧ መለወጡ ነው። ጥያቄዬ ይኼ ነበር፤ ሰው አዲስ ቋንቋ ሲማር አእምሮው ምን ይሆናል? ግን ይህን ጥያቄ ኮከብ ለሚቆጥር ማሽን እንዴት ብዬ ልንገረው?

እዚህ ላይ ነው ዛሬ የምገመግመው ነገር የመጣው፤ «ዘ ኢንሳይክሎፒዲያ ኦፍ ሳይንስ ፊክሽን»። መጀመሪያ በ1979 በፒተር ኒኮልስ አዘጋጅነት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። በ1993 ጆን ክሉትም ተጨምሮበት ሁለተኛው እትም መጣ። ከ2011 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ ነው። በነጻ ይነበባል፣ በየጊዜውም ይጨመርበታል። አሁን ከ6 ሚሊዮን ቃላት በላይ ሆኗል። ሦስቱም እትሞች የሁጎ ሽልማት አግኝተዋል። ሁጎ ደግሞ አንባቢዎች ድምፅ ሰጥተው የሚሸልሙት ነው። ስለዚህ «ኢንሳይክሎፒዲያ» ሲባል አቧራ የለበሰ የመደርደሪያ ማሞቂያ እንዳይመስላችሁ።

ጥቅሙ ደራሲዎችን መዘርዘሩ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ሐሳቦችንም ይዘረዝራል። ጊዜን ስለ መሻገር የራሱ ጽሑፍ አለው። ከሌላ ዓለም ፍጡር ጋር ስለሚደረግ የመጀመሪያ ግንኙነት አለው። ትውልድ ተወልዶ ስለሚያልቅባቸው የጠፈር መርከቦች አለው። ጠፈር ላይ ተንሳፍፈው ስለሚገኙ፣ ማን እንደ ሠራቸው ስለማይታወቅ ግዙፍ ነገሮች እንኳ አለው። የዚያ ርዕስ ስም በአማርኛ «ትልልቅ ደደብ ዕቃዎች» እንደ ማለት ነው። ስቄ አላባራሁም። እያንዳንዱ ጽሑፍ ሐሳቡ ከየት እንደ ተነሣና ማን ማን እንደ ጻፈበት ከነዓመተ ምሕረቱ ይነግራል። ስሙን ስትጫኑ ወደ ደራሲው ገጽ ይወስዳችኋል።

እኔ «የቋንቋ ጥናት» የሚለውን ከፈትኩ። ማስታወሻ ደብተሬን አጠገቤ አድርጌ ነበር። በአንድ ቁጭታ የአራት መጽሐፍ ርዕስ ይዤ ተነሣሁ።

ከሁሉ በፊት የሳሙኤል ዲላኒን «ቤብል-17» አነበብኩ። የ1966 መጽሐፍ ነው፣ ደራሲዎች የሚመርጡትን ኔቡላ ሽልማት አግኝቷል። አንዲት ባለቅኔ የጠፈር መርከብ እየመራች የጠላትን ቋንቋ ለመፍታት ትነሣለች። ቋንቋው «እኔ» የሚል ቃል የለውም። (ይህን ቀድማችሁ ብታውቁ መጽሐፉ አይበላሽባችሁም፣ አትቆጡኝ።) እዚያ ስደርስ ማንበቤን አቁሜ አማርኛ ላይ ሞከርኩት። «እኔ»ን አውጥቼ ጣልኩ። ግን «መጣሁ» ስል «ሁ» ጭራው ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተኛሁ። ግሱን ሳታፈርሱ «እኔ»ን አታወጧትም። ግማሽ ሰዓት በዚህ ስጫወት ቆየሁ። ከመጽሐፍ የምፈልገው ይህን ዓይነቱን ግማሽ ሰዓት ነው።

ሁለተኛው የጃክ ቫንስ «ዘ ላንጉዌጅስ ኦፍ ፓኦ» ነበር፤ 1958። የፓኦ ሕዝብ የተባለውን የሚቀበል፣ እሺ ባይ ሕዝብ ነው። ስለዚህ አዳዲስ ቋንቋዎች ይፈጠሩለታል፤ አንዱ ተዋጊ የሚያደርግ፣ ሌላው የቴክኒክ ባለሙያ የሚያደርግ። ሐሳቡ አፍ ያስከፍታል። ሰዎቹ ግን እንጨት ናቸው። ለሐሳቡ ስል ጨረስኩት። የሱዜት ኤልጂን «ኔቲቭ ታንግ» (1984) ከዚህ ይከብዳል፣ ይሻላልም። ሴቶች ተደብቀው የራሳቸውን ቋንቋ ይሠራሉ። ደራሲዋ ራሷ የቋንቋ ባለሙያ ስለነበረች ቋንቋውን የምር ሠርታዋለች። የቻይና ሚዬቪል (ቻይና የደራሲው ስም ነው፣ አገሩ አይደለም) «ኤምባሲታውን» (2011) ደግሞ በሁለት አፍ የሚናገሩ፣ መዋሸት ከነጭራሹ የማይችሉ ፍጡሮች ያሉበት ነው። የመጀመሪያዎቹ መቶ ገጾች ጥርስ ያስነክሳሉ። ሁለቴ ጥዬው ሁለቴ ተመልሻለሁ። ከአራቱ አንዱን ብቻ አንብቡ ብባል ግን እሱን ነው የምለው።

ከአራት ሦስቱን ወደድኩ። ኮከቦቹ እንዲህ አድርገውልኝ አያውቁም።

አሁን ወደ ጣጣው። ኢንሳይክሎፒዲያው ሃያሲ ነው፣ ሻጭ አይደለም። ስለዚህ ታሪኩን ከመናገር አይቆጠብም። ስለ መጽሐፉ ሲተነትን መጨረሻውንም ይዘረግፋል። ይህ ለተማሪ ጥሩ ነው፤ ለእንደኔ ዓይነቷ ግን እሾህ ነው። መላዬ እንዲህ ነው። የሐሳብ ጽሑፎቹን ከላይ ወደ ታች አላነብም። ዐይኔን በርዕሶቹና በዓመቶቹ ላይ አንሸራትታለሁ። አንድ መጽሐፍ ላይ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ ሲቆይ ካየሁ ርዕሱን ጽፌ እዘላለሁ። ብዙ የሚወራለት መጽሐፍ ብዙ የሚነበብ ነገር አለው ማለት ነው።

ለነገሩ ምስጢር በመዘርገፍ አሳታሚዎችም ይታማሉ። የብራያን አልዲስ «ኖን-ስቶፕ» በ1958 ወጣ። ገጸ ባሕርዮቹ የሚኖሩበት ቦታ ምን እንደሆነ ቀስ በቀስ ማወቅ ነው የታሪኩ ደስታ። አሜሪካ ውስጥ ሲታተም ርዕሱ ተቀየረና ምስጢሩ ሽፋኑ ላይ ወጣ። አዲሱን ርዕስ አልነግራችሁም። ፈልጋችሁም አታግኙት።

ሌላው፣ የጽሑፎቹ እንግሊዝኛ ወፍራም ነው። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ተቀምጦ ማረፍ ያስፈልገዋል። ኮከብ የለም፣ «ይህን ግዛ» የለም። እኔ ለዚህ ለዚህ ወድጄዋለሁ፣ ለቸኮለ ሰው ግን አይሆንም።

ያ የአራተኛው መጽሐፍ ነገርስ? ለሱ ሌላ መሣሪያ አለኝ፤ «ኢንተርኔት ስፔኩሌቲቭ ፊክሽን ዳታቤዝ»። ከ1995 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ መዝገብ ነው። መልኩ ያረጀ ነው፣ ውበት አትፈልጉበት። የደራሲውን ስም ስታስገቡ ግን ተከታታዩ ከአንድ እስከ መጨረሻ ተሰልፎ ይመጣል። አጭር ልቦለድ ከሆነ ደግሞ በየትኞቹ መድብሎች ውስጥ እንደ ታተመ ይነግራችኋል። ከመግዛቴ በፊት ሰላሳ ሰከንድ እዚያ ሳላጠፋ አላልፍም። ትምህርት ገብቶኛል።

ስድስት መቶ ገጽ ከመጀመሬ በፊት ደራሲውን መቅመስም ለምጃለሁ። መጽሔቶቹ «ክላርክስወርልድ» ከ2006፣ «ስትሬንጅ ሆራይዘንስ» ከ2000 ጀምሮ አጫጭር ታሪኮችን ኢንተርኔት ላይ በነጻ ያወጣሉ። ብዙ ደራሲዎች ከረጅሙ በፊት ያጭሩን ጽፈዋል። ሃያ ደቂቃ አብሬው መቀመጥ ካልቻልኩ፣ ሁለት ሳምንት እንዴት እችላለሁ?

ስለ ሽልማት ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ሰው ሁሉ አሸናፊውን ያነባል። እኔ ዕጩዎቹን እመርጣለሁ። ሁጎ ከ1953 ጀምሮ አለ። ከ2017 ወዲህ በየዘርፉ ስድስት ስድስት ዕጩ ይቀርባል፤ ካሸነፈው ይልቅ አራተኛ የወጣው ለኔ የተጻፈ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ኔቡላን የሚመርጡት ደራሲዎች ናቸው። ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር ሲገኝ ጆሮዬ ይቆማል። የኔዲ ኦኮራፎር «ቢንቲ» እንደዚያ ነው የገጠመኝ፤ ሁለቱንም ወስዷል። ከቤቷ ጠፍታ ሌላ ፕላኔት ላይ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ የምትሄድ ልጅ ታሪክ ነው። አጭር ነው። ሽልማቶቹ ከ17,500 እስከ 40,000 ቃል ያለውን ሥራ በራሱ ዘርፍ ያወዳድራሉ። በሁለት ማታ የሚያልቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚያ ዘርፍ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ወንድሜን ረሳሁት። ኢንሳይክሎፒዲያውን ሳሳየው ከንፈሩን ጣል አደረገ። «ፋንታሲስ?» አለ። ለፋንታሲ እዚያው ድረ ገጽ ላይ በ1997 የታተመ እህት መጽሐፍ አለ። ችግሩ እዚያው ላይ መቆሙ ነው። ከ1997 ወዲህ ያለው የለበትም። ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ የሚወዳቸው ደራሲዎች ግማሾቹ ያኔ ገና አልጻፉም። ስለዚህ ለአዲሱ ከ1975 ጀምሮ የሚሰጠውን የወርልድ ፋንታሲ ሽልማት ዕጩዎች ያያል። ዳኞቹ ጥቂት ስለሆኑ አንዳንድ ዓመት ምርጫቸው ያፈነግጣል። እሱ ያንን ነው የሚወድላቸው።

ያም ሆኖ አሮጌው መጽሐፍ ላይ አንድ ማታ ተተክሎ ቀረ። ስልኩ ሁለቴ ሲጠራ አላነሣም። ያገኘው ርዕስ በአማርኛ «መሳሳት» ብለው የሚቀርበው ይመስለኛል፤ ከስሕተቱ ሳይሆን ከስስነቱ። ዓለሙ እየሳሳ፣ አስማቱ እንደ ምንጭ እየነጠፈ፣ የድሮዎቹ ፍጡሮች እየሄዱ ያለበትን ታሪክ የሚመለከት ነው። ከአዘጋጆቹ አንዱ ያው ጆን ክሉት ነው።

በማግስቱ «ደብተርሽን አምጪ» አለኝ። እኔ እዚያ ላይ ርዕስ አልጽፍም፤ የምፈልገውን ጥያቄ ጽፌ መጽሐፎቹን ከሥሩ እደረድራለሁ። «ቋንቋ ሲለወጥ ሰው ምን ይሆናል?» ከሚለው ቀጥሎ አንድ ገጽ ገለጠና ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ ጻፈ። ሲሄድ የጻፈውን አነበብኩት።

«አስማት እያለቀ ያለበት ዓለም። ድራጎን ቢኖር አልጠላም፤ የመጨረሻው ይሁን።»