ለገና እንግዳ የቱ ይሻላል? ፓኔቶኔ፣ ስቶለን፣ ፍሩት ኬክ ወይስ የግንድ ኬክ

ለገና ጣፋጭ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መልኩን ነው። እኔም እንደዛ ነበርኩ። አንድ ዓመት ቆንጆ የግንድ ኬክ ቀደም ብዬ ገዛሁና ፍሪጅ ውስጥ ከተከተፈ ሽንኩርት ጎን፣ ክዳኑን በደንብ ሳልገጥም አስቀመጥኩት። በማግስቱ መልኩ እንዳማረበት ነበር። የመጀመሪያዋ እንግዳ ግን አንዴ ቀምሳ ሹካዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ቅቤ ያለበት ክሬም አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይስባል። ከዚያ ወዲህ ከመግዛቴ በፊት የምጠይቀው፣ ይሄ ነገር ስንት ቀን ይጠብቀኛል ብዬ ነው።

የግንድ ኬክ ብዙ አይጠብቅም። ፈረንሳዮች ቡሽ ደ ኖኤል ይሉታል። ስስ ኬክ ላይ ክሬም ተቀብቶ ይጠቀለላል፤ ከላይ ቸኮሌት ይለብስና በሹካ እየተጫረ የዛፍ ቅርፊት ይመስላል። ሲገዙ ጫፉን ይዩት። ጥቅልሉ ሳይሰነጠቅ ክብ ሠርቶ ከታየ ኬኩ እርጥብ ነው፤ ከተሰነጣጠቀ ደርቋል። በአንድ ወይ በሁለት ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ልጆች ካሉ ግን ከአራቱ እሱን የሚያክል የለም፤ ገና ሳይቆረጥ ይሻሙበታል።

ፓኔቶኔ ሌላ ዓለም ነው። የሚላኖ ነው፣ ከኬክ ይልቅ ለዳቦ ይቀርባል። ሊጡ በተፈጥሮ እርሾ ቀስ ብሎ ይቦካል፤ ከተጋገረ በኋላ እንዳይሟሽሽ ተገልብጦ ተሰቅሎ ይቀዘቅዛል። ጣሊያን ውስጥ በ2005 በወጣ ድንጋጌ መሠረት ፓኔቶኔ ለመባል ቢያንስ 16 በመቶ ቅቤ፣ 20 በመቶ ደግሞ ዘቢብና በስኳር የተዘጋጀ የብርቱካንና የትርንጎ ልጣጭ ሊኖረው ይገባል። ሌላ ቦታ የተሠራ ከሆነ ግን ይህ ሕግ አያስገድደውም። ስለዚህ ካርቶኑን ገልብጣችሁ አንብቡ። ከቅቤ ይልቅ ማርጋሪን ወይም የአትክልት ዘይት ከተጻፈበት መልሱት፤ የምትከፍሉት ለካርቶኑ ነው። ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ክር እየተሳበ የሚቀደድ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እንደ ብስኩት የሚፈረፈር ከሆነ አርጅቷል። ዘቢብ የማይወድ ሰው ካለ የቬሮናውን ፓንዶሮ ያስቡ። ፍራፍሬ የለውም፣ ኮከብ ቅርጽ አለው፣ ዱቄት ስኳር ይነሰነስበታል። ሁለቱም ከቡናም ከሻይም ጋር ይሄዳሉ።

ስቶለን ደግሞ መልኩ አያምርም። እውነቱን እንናገር፣ በዱቄት ስኳር የተሸፈነ ድንጋይ ነው የሚመስለው። ጀርመናዊ ነው፤ «የድሬስደን» የሚለው ስም በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ከዚያ አካባቢ ውጭ የተጋገረ በዚያ ስም አይሸጥም። ቅቤው ብዙ ነው፣ ከላይም የቀለጠ ቅቤና ስኳር ይለብሳል። ለዚህ ነው በደንብ ተጠቅልሎ ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ ለሳምንታት የሚቆየው። እንዲያውም ሲሰነብት ይጣፍጣል። በስሱ ስለሚቆረጥ አንዱ ለብዙ ሰው ይዳረሳል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ አልሞንድ ይገባበታል፣ ማርዚፓን፣ ማለትም ከተፈጨ አልሞንድና ከስኳር የሚሠራ ሊጥ፣ የተሞላውማ አልሞንዱ ይበዛል። አለርጂ ያለበት እንግዳ ካለ ቀድማችሁ ጠይቁ።

የእንግሊዞቹ ፍሩት ኬክ በመቆየት ሁሉንም ይበልጣል፤ ወራትን ይሻገራል። ምክንያቱ ስኳሩ፣ የደረቀው ፍራፍሬና ከተጋገረ በኋላ በየጊዜው የሚፈስበት ብራንዲ ነው። ያ ብራንዲ እሳት አያየውም፣ አይተንም። ስለዚህ ለልጆችና ለማይጠጣ ሰው በብርቱካን ጭማቂ የተዘፈዘፈውን ይምረጡ፤ እሱ ግን ያን ያህል አይቆይም። ጣዕሙም ከባድ ነው። ከእራት በኋላ አንድ ቁራጭ ይበቃል፣ ሁለተኛ የሚጠይቅ ብዙም አላየሁም።

የዝንጅብልና የቀረፋ ብስኩት ከማንኛቸውም ጋር ይገዛል። በቆርቆሮ ሲከደን ይቆያል፣ ሳይታሰብ ለመጣ ሰው ይደርሳል።

እንግዳው አንድ ቀን ተጠርቶ አንድ ቀን የሚሄድ ከሆነ የግንድ ኬኩን በዕለቱ ጠዋት እወስዳለሁ። ሰው ሳምንቱን ሙሉ የሚመላለስበት ቤት ከሆነ ግን ያለ ጥርጥር ስቶለን፣ ከጎኑ አንድ ፓኔቶኔ። በጀት ለአንድ ብቻ ከሆነም ስቶለኑን አልለቅም።

ስትቆርጡት ከጫፍ አትጀምሩ። መሀሉን ለሁለት ክፈሉት፣ ከመሀል ስሱን አንሱ፣ ከዚያ ሁለቱን ግማሾች መልሳችሁ አጋጥሙና ጠቅልሉት። የተቆረጠው ገጽ አየር ስለማያገኘው በማግስቱ ለሚመጣው እንግዳም እንደ ትናንቱ ለስላሳ ይሆናል።