አሮጌ ላንድሮቨር ልትገዙ ያሰባችሁ የድሬ ልጆች፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት አንብቡት

የድሬ ልጆች፣ የሐረርም፣ ይህን የምጽፈው የሰው ገንዘብ እየተበላ ስለሆነ ነው። ሰሞኑን አሮጌ ላንድሮቨርና የድሮ ላንድክሩዘር «ትንሽ ነገር ብቻ ነው የሚሠራላት» እየተባለ ይሸጣል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲያድርበት የኖረው ሁሉ ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ ገበያ ወጥቷል። እኔም እነዚህን መኪኖች እወዳቸዋለሁ። የሚያሳስበኝ አሻሻጡ ነው።

አንድ ጓደኛዬ ሳቢያን አካባቢ ከአንድ ግቢ ላንድሮቨር ሲሪስ 3 ገዛ። ደላላው ሞተሩን አስነሳለት፣ በሮቹን ከፍቶ አሳየው፣ «እስቲ ዝገት ፈልግ አቦ!» አለው። እውነትም ዝገት አልነበረም። የላንድሮቨር ገላ አብዛኛው አሉሚኒየም ነዋ፣ እንደ ብረት አይዝግም። ሻንሲው፣ ማለትም ገላዋን ከስር የተሸከመው አጥንቷ፣ ግን ብረት ነው፣ ውስጡም ባዶ ነው። ጭቃና ውሃ ገብቶ ይቀመጥበታል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል፣ እናንተ ከላይ ስታዩት ደህና ይመስላችኋል።

ጋራዥ ስትገባ መካኒኩ ስሯ ተኝቶ ሻንሲውን በካቻቪቴ ወጋ ወጋ አደረገው። የኋላ ባሌስትራ (ጎማው ላይ ያለው የብረት ሞላ) የሚታሰርበት ጋ ሲደርስ ካቻቪቴው እስከ እጀታው ሰመጠ። ብረት አልነበረም፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ ስቱኮ፣ ቀዳዳ መድፈኛ ሊጥ ነው! ሲፈነቀል ከውስጡ የታጨቀ የማዳበሪያ ጆንያ ቁራጭ ወጣ። ባሌስትራዋን የያዘው ይኼ ነበር። ይቺ መኪና ሰው ጭና የደንገጎን ቁልቁለት ስትወርድ ይታያችሁ።

ስለዚህ ገላዋን ተዉትና ስሯ ግቡ። ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በትንሽ መዶሻ አንኳኩት፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የበሰበሰው የታፈነ ነው። ሻጩ «ቀለሙን ታበላሻለህ» ብሎ ከከለከላችሁ ትታችሁ ሂዱ። የድሮ ላንድክሩዘር ከሆነ ገላውም ብረት ስለሆነ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ስቱኮ የወፈረበት ቦታ ላይ ማግኔቱ አይይዝም። ላንድሮቨር ላይ ግን በማግኔት አትድከሙ፣ አሉሚኒየሙን ጭራሽ አይነካውም። ጅቡቲ ወይም ሌላ ባሕር ዳርቻ ስትሠራ የቆየች መኪና ከሆነች ደግሞ ሁለት ጊዜ ፈትሹ፣ የባሕር ጨው ብረት አይምርም።

ሞተሩን ለማየት ጠዋት ሂዱ፣ ከመነሳቱ በፊት በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ቀድመው አስነስተውታል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ነው እውነቱን የሚናገረው፣ በተለይ ሲነሳ ጭሱን እዩ።

ግን ሞተር ይወርዳል፣ ይታደሳል። ገንዘብ ይዞ የሚቀረው ወረቀቱ ነው። ሊብሬውን ይዛችሁ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ራሳችሁ አስተያዩ። ብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ቤንዚን ሞተራቸው ወጥቶ ናፍታ ተገጥሞላቸዋል፤ ይህ ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ስም ስታዛውሩ ትቆማላችሁ። የጓደኛዬም እንዲያው ነው፣ ሊብሬው ቤንዚን ይላል፣ ኮፈኑ ሲከፈት ናፍታ ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባች የድርጅት መኪና ከሆነች ደግሞ ቀረጧ መከፈሉን የሚያሳይ ወረቀት ሳታዩ እንዳትነኳት።

«ስሙ የእኔ አይደለም፣ ግን ውክልና አለኝ» የሚሏችሁም አሉ። ወካዩ በሕይወት መኖሩን ጠይቁ፣ በስልክም ቢሆን አግኙት። በሕጋችን ወካዩ ሲሞት ውክልናውም በመርህ ደረጃ አብሮ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት መመላለስ ነው። ውሉንም ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ተዋዋሉ እንጂ ሻይ ቤት ውስጥ በእጅ ጽሑፍ አትጨርሱት።

ቀብድ ላይ ነው ሰው የሚያዘው። «ሌላ ገዢ ከሐረር እየመጣ ነው፣ ቶሎ በል» ይሉና ያጣድፏችኋል። ቀብድ ከሰጣችሁ በኋላ ውሉን እናንተ ካፈረሳችሁ ገንዘቡ ይቀራል። ሻጩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል፣ ግን እሱ መቼ ያፈርሳል? መካኒካችሁ ስሯ ተኝቶ ሳያይ አንድ ብር አትስጡ። ደላላው የሚያመጣላችሁን መካኒክ ሳይሆን የራሳችሁን ማለቴ ነው።

ገዝታችሁ ከሆነም አላለቀም። ጓደኛዬ ሲደውል ሻጩ «ያለችበትን አይተህ ነው የገዛኸው» ብሎ ስልኩን ዘጋበት። ሆን ተብሎ የተደበቀ ጉድለት ግን «ባለችበት ሁኔታ» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ አይታለፍም። ጉድለቱን እንዳያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሻጩ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ፎቶ አንሱ፣ መካኒኩ ያየውን ጽፎ ይፈርምላችሁ፣ የወጣውንም ስቱኮ አትጣሉ። ጓደኛዬ አሁን እሱን በፌስታል ቋጥሮ ይዞ እየተከራከረ ነው።