የቤት ለቤት ነርስ አገልግሎት፦ ነርሷ 5 ኮከብ፣ ድርጅቱ 2 ተኩል

እናቴን ቤት እየመጡ የሚንከባከቡ ነርሶች የሚልክ ድርጅት ለ3 ወር ተጠቅመናል። ስሙን አልጠራም፤ ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ። እማዬ 82 ዓመቷ ነው። ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ ናት። ነርሶቹ የሚናገሩትን ቋንቋ ደግሞ አታውቅም።

ማስታወቂያቸው «የታካሚዎቻችንን ባህል እናከብራለን» ይላል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ልጅ ታብሌት ይዞ መጣ። ሃይማኖት፣ የማትበላው ምግብ፣ ወንድ ነርስ ቢያጥባት ቅር ይላታል ወይ፣ እያለ ምልክት አደረገና ሄደ። 10 ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። የሚጠይቀው እኔን ነው፤ እማዬን ዞር ብሎም አላያትም። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ ቅጹን አንብበው ያወቋት መሰላቸው። አንዷማ «የእናንተ ሰዎች ሕመም ይችላሉ አይደል?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስ?

በ4ኛው ሳምንት ሌላ ነርስ መጣች። እጇን ታጠበች፣ ወንበር ስባ እማዬ ፊት ለፊት ቁጭ አለች፣ ከዚያ በስልክ አስተርጓሚ ጠራች። «ችግር የለም፣ እኔ አለሁ» አልኳት። «አንተ ልጇ ነህ፤ እሱ ይበቃሃል» አለችኝ። ትንሽ ተቀየምኩ፣ አልዋሽም።

አስተርጓሚው ገና ከመጀመሩ «አንቺ» አላት። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ነርሷ ቃሉን አልሰማችውም፣ ፊቷን ግን አየች። «ምን አጠፋን?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ አስተርጓሚውን አስቁማ አሳረመችው። «እርስዎ» ሲላት እማዬ ተመለሰች።

ሌሎቹ «ሕመምዎ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ነበር የሚሏት። እሷም ቶሎ እንዲተዋት ሁሌ 5 ትል ነበር። ይቺኛዋ «ሲያምዎት ምን ማድረግ ያቅትዎታል?» አለቻት። እማዬ ዝም ብላ ቆየችና «መተኛት። ማታ ማታ ጎኔ እንደ ፍም ይለበልበኛል፤ ልጄ እንዳይጨነቅ ብዬ አልናገርም» አለች። እኔ ደግሞ ወሩን ሙሉ «ደህና ነኝ ትላለች» እያልኩ ነበር የማስተረጉመው። እሷ ለእኔ፣ እኔ ለነርሶቹ ስንዋሽ ከርመናል። ለካ የቤተሰብ አስተርጓሚ አይበቃም የሚሉት ቋንቋ ስለማይችል ብቻ አይደለም።

ከዚያ ቆዳዋን አየች። የአልጋ ቁስል ሲጀምር ቆዳው ይቀላል ይባላል፤ እንደ እኛ ጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በደንብ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ባትሪ አብርታ በእጇ ጀርባ ዳበሰች፣ ቦታውን ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ጋር አስተያየች። ዳሌዋ አጠገብ ሞቅ፣ ጠንከር ያለ ቦታ አገኘች። ቅጹ ላይ ለ2 ሳምንት «ቆዳ፦ ደህና» ተብሎ ተጽፏል! ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም ጥቁር ቆዳ ላይ አንዳንዴ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያነባል፤ እሷ እሱን ካየች በኋላ ትንፋሿን 1 ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። በየ2 ሰዓቱ እንድናገላብጣት ስትነግረን ደግሞ መጀመሪያ እማዬን ጠየቀቻት፣ በየትኛው ጎን መተኛት ይወዳሉ ብላ። በሩን ማየት ትፈልጋለች። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

መድኃኒቱን ካስረዳች በኋላ «ገባዎት?» አላለችም። ይህን ብትባል እማዬ መቼም አዎ ነው የምትለው። «ለልጅዎ እንዴት አድርገው ያስረዱታል?» አለቻት። እማዬ የጠዋቱን ከማታው ቀላቀለችው። ነርሷ «እኔ ነኝ በደንብ ያላስረዳሁት» ብላ እንደገና ጀመረች።

ኢሪሃፔቲ ራምስደን የምትባል የኒውዚላንድ ማኦሪ ነርስ ነበረች። «የባህል ደህንነት» የሚባለውን ሐሳብ ለነርሶች ያስተማረች ናት፤ እንክብካቤው ጥሩ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ተንከባካቢው ሳይሆን የሚታከመው ሰው ነው ትል ነበር። የእኛ ድርጅት ግን በ3 ወር ውስጥ አስተያየት የጠየቀው እኔን ብቻ ነው።

ሌላው ቅሬታዬ ሰዓቱ ነው። አንድ ጉብኝት 30 ደቂቃ ብቻ፤ አስተርጓሚ ሲገባበት ግማሹ ያልቃል። ያቺ ጥሩዋ ነርስ ሁሌ ታመሻለች፣ ሲከፈላት ግን አላየሁም። የምትመጣው ደግሞ በሳምንት 2 ቀን ነው። በቀሩት ቀናት በየፈረቃው አዲስ ሰው ይመጣል፣ እማዬም ከዜሮ ትጀምራለች። ይህን ሁሉ በአንዲት ሴት ደግነት ላይ ጥሎ «ባህል እናከብራለን» ማለት አይገባኝም።

ልትቀጥሩ ካሰባችሁ አስተርጓሚ አላችሁ ወይ፣ አንድ ነርስ ትመደባለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሲመጡ ደግሞ ማንን እያዩ እንደሚያወሩ ተመልከቱ።

ቢሮ ደውዬ ነርሷ ያወቀችውን ሁሉ ቅጹ ላይ ጻፉልኝ አልኳቸው። «ሌላ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። አሁን እዚያ ላይ «እርስዎ ይበሏቸው» ይላል። ለበሩና ለዳሌዋ ቦታ አልተገኘም።