ደብረ ብርሃን፦ ክራውኑ ጥሩ፣ የንክሻ ማስተካከያው ችኩል

መሃል ከተማ ያለው ይህ የጥርስ ክሊኒክ በክራውን (ጥርስን እንደ ቆብ በሚሸፍን ሰው ሠራሽ ልባስ) ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ጥርሱን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሞርደው ልኩን በጥንቃቄ ይወስዳሉ፤ የክራውኑ ጠርዝ ምላስ ሲያልፍበት አይሻክርም።

ችግሩ ንክሻው ላይ ነው። ንክሻው የት ላይ እንደሚጫን የሚያሳየውን ባለ ቀለም ወረቀት የሚያስነክሱት ማደንዘዣው ሳይለቅ ስለሆነ ታካሚው በትክክል መንከሱን አያውቀውም። ክራውኑ በፀጉር ውፍረት እንኳ ከፍ ካለ ጫናውን ብቻውን ይሸከማል፤ ቆሎ ቀርቶ እንጀራ ሲታኘክ ያማል። ማስታገሻ ሕመሙን ያበርደው ይሆናል እንጂ መንስኤውን አይነካም። ሲነከስ የሚያም ከሆነ ሳይውል ሳያድር ተመልሶ ማስሞረድ ነው፤ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ነርቩ ሕያው የሆነ ጥርስ ግን ለቀናት፣ አንዳንዴም እስከ 2 ሳምንት ቅዝቃዜ ይሰማዋል። በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ አፍ ከፍቶ መተንፈስ ብቻውን ይጠዘጥዛል! እየቀነሰ ከሄደ አያስጋም። ትኩስ ሻይ ከተጠጣ በኋላ የሚቆይ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ሌላ ነው፤ ነርቩ ተቆጥቷል፣ የሥር ሕክምና (ነርቩን አውጥቶ ውስጡን መሙላት) ሊያስፈልግ ይችላል። ድዱ ካበጠ ደግሞ የተረፈ ማጣበቂያ ከሥር ቀርቶ እንደሆነ ያስፈትሹ። ክሊኒኩ ይህን ሁሉ በአንዲት ወረቀት ጽፎ ለታካሚው ሊሰጥ ይገባ ነበር።