የደብረ ማርቆስ ጋቢ በበርሊን ኪራይ ቤት፦ አንድ የብርድ ወቅት ከተገለገልሁበት በኋላ

የምገመግመው ዕቃ ደብረ ማርቆስ የተሠራ አንድ ጋቢ ነው። ማጉን አክስቴ በእንዝርት የፈተሉት፣ ድሩ የፋብሪካ ክር የሆነ፣ እንደ ደንቡ አራት ድርብ ሆኖ ጠርዙ ላይ ቀጭን ጥለት ብቻ ያለው ነው። ለሥራ ወደ ጀርመን ስሄድ ይዤው ሄጄ፣ በበርሊን በተከራየሁት ባለ አንድ ክፍል ቤት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ስለብሰው ከረምሁ፤ ከተመለስሁ ወዲህም እዚሁ ማርቆስ ሥራ ላይ ነው። ከጎጃም ለትምህርት ወደዚያ የሚሄዱ ልጆች «ጋቢ ልያዝ ወይስ ሻንጣውን ለሌላ ነገር ልተወው?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ መልሱን በዝርዝር መጻፍ መረጥሁ።

ጋቢ ማሞቂያ ለሌለው ቤት የተሠራ ልብስ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ቤት ውስጥ ከመቀመጥ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ ይሻላል። በርሊን ነገሩ ተገልብጦ ይጠብቃል፤ ሙቀቱ ያለው ቤት ውስጥ ሲሆን ብርዱ ደጅ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይዋ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ወጥታ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ስለዚህ ደጅ ወጥቶ የሚሞቅ ነገር የለም። ማሞቂያው ክፍሉን ካሞቀው ጋቢው ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ እኔም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አጣጥፌ አልጋ ግርጌ አስቀምጬው ነበር።

ጥቅሙ የታየኝ የማሞቂያው ወጪ እንዴት እንደሚታሰብ ሳውቅ ነው። በጀርመን ኪራይ ሲነገር ማሞቂያን የማይጨምረውና የሚጨምረው ዋጋ ተለይተው ይቀመጣሉ፤ በየወሩ ለማሞቂያ የሚከፈለው ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ ብቻ ስለሆነ፣ በዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ እንደ ፍጆታው የሚመለስ ወይም የሚጨመር ገንዘብ ይኖራል። ከመስኮቱ ሥር ያለው ማሞቂያ ከ1 እስከ 5 የሚደርስ ቁጥር የተጻፈበት ማዞሪያ አለው፤ 3 ማለት ክፍሉ 20 ዲግሪ ገደማ ይሁን ማለት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቁጥር በ4 ዲግሪ ገደማ ይለያያል። አዲስ ገቢው ቶሎ እንዲሞቅለት 5 ላይ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ቁጥሩ የሚወስነው ሙቀቱ የት ላይ እንደሚቆም እንጂ ፍጥነቱን አይደለም። የክፍሉን ሙቀት በ1 ዲግሪ መቀነስ የማሞቂያ ፍጆታን በ6 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በአገሩ በሰፊው ይነገራል። ጋቢውን ለብሼ በ2 እና በ3 መካከል፣ ማለትም በ18 ዲግሪ ገደማ፣ ያለ ምንም ችግር ከርሜያለሁ። ከዚያ ብዙ ዝቅ ማድረግን ግን አልመክርም፤ ግድግዳው ሲቀዘቅዝ እርጥበት ይይዝና ሻጋታ ያበቅላል።

ለሻጋታው መከላከያ ሲባል ጠዋትና ማታ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከፍቶ አየሩን መቀየር የተለመደ ነው፤ አንዳንድ የኪራይ ውልም ይህን በግልጽ ይጠይቃል። ጋቢ ዋጋው የሚታወቀው በእነዚህ ደቂቃዎች ነው። የሚያሞቀው በአራቱ ድርብና በላላው ማግ መካከል የተያዘው አየር ነው፤ አክስቴ ለጋቢ ሲፈትሉ ማጉን እምብዛም የማያከሩትም ለዚሁ ነው። ራስን ጨምሮ ከተከናነቡት፣ መስኮቱ ተከፍቶም ወንበር ላይ ተቀምጦ ማንበብ ይቻላል። በኮምፒውተር ሲሠራ ግን ችግር አለ፤ ቀኝ እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከትከሻ እየተንሸራተተ ስለሚወርድ፣ ጫፉን በብብት ሥር አሳልፎ ከኋላ መቋጠር ያስፈልጋል።

እዚያ በርካሽ የሚገኘው የፖሊስተር ብርድ ልብስ ቀላልና ቶሎ የሚደርቅ ነው። ሆኖም ማሞቂያ ባደረቀው አየር ውስጥ ሲገፈፍ እየተንጣጣ የበር እጀታ ሲነኩ ጣትን ይነዝራል፤ ጥጡ ይህ ጠባይ የለውም፣ ላብም አያሳስብም።

ደጅ ለመልበስ አይሆንም። ነፋስ ያሳልፋል፣ ከዝናብ ጋር የተቀላቀለ በረዶ ሲወርድበት ውኃውን ጠጥቶ ይከብዳል፤ ቆሻሻ ለመጣል እስከ ግቢው ድረስ ብቻ ለብሼው ወጥቻለሁ። ጥቁር ካፖርት ላይ የሚተወው ነጭ ብናኝም ቀላል አይደለም፤ በሥራ ቦታ ሁለት ባልደረቦቼ ድመት ታሳድጋለህ ወይ ብለው ጠይቀውኛል።

ዋናው ጉድለቱ እጥበቱ ላይ ነው። በማሽን ታጥቦ መጭመቅ ሲጀምር በአንድ ወገን ይጠቀለልና ሚዛኑን ስለሚያሳጣው፣ ማሽኑ ራሱን ያቆማል፤ ጋቢው ውኃ እንዳዘለ ይወጣል። ሁለት ፎጣ ጨምሮ ማጠብ ሚዛኑን በተወሰነ ደረጃ ያስተካክላል። ውኃው በጣም ሲሞቅ የጥለቱ ቀለም ወደ ነጩ ይሄዳል፣ በማድረቂያ ማሽን ከገባም ይኮማተራል። ማርቆስ አጥር ላይ ተሰጥቶ በአንድ ፀሐይ የሚደርቀው ጋቢ፣ በርሊን ክፍል ውስጥ ማስጫ ላይ ሁለት ቀን ይቆያል፤ እስከዚያው መስታወቱ ላብ እያወረደ ደፉ ላይ ውኃ ያቁራል። ማሞቂያው ላይ መዘርጋት መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ጨርቁ ማዞሪያውን ከሸፈነው ውስጡ ያለው ሙቀት መለኪያ ክፍሉ የሞቀ መስሎት ማሞቂያውን ይዘጋዋል፣ ቤቱም ይቀዘቅዛል።

ስለ ጥንካሬው ቅሬታ የለኝም። መሃል ላይ ሁለቱን ስፋት የሚያገናኘው ስፌት በአንድ ጫፍ ተተርትሮ ነበር፣ እዚህ ስመለስ ሸማኔው ወዲያው ሰፋልኝ። ነጭነቱ ግን ደብዝዟል።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ጋቢውን ሲያሠራ ወፍራሙን ሳይሆን መካከለኛውን ቢመርጥ፣ ጥለቱም ነጭ ወይም ግራጫ እንዲሆን ቢያዝዝ ለእጥበት ይቀለዋል። ለገናና ለጥምቀት ሸማኔ ዘንድ ሥራ ስለሚበዛ ትእዛዙን ቀደም ብሎ መስጠት ይገባል፤ ከተረከበ በኋላም እዚሁ ፀሐይ ባለበት አንድ ጊዜ አጥቦ፣ ብናኙን አራግፎ ሻንጣ ውስጥ ቢከተው ይመረጣል።