«125 ቶን» የተባለ የብረት መጭመቂያ ከመግዛታችሁ በፊት የሲሊንደሩን ዙሪያ ለኩ

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው ቁርጥራጭ ብረት በመሰብሰብና በመሸጥ ለምትተዳደሩ፣ በተለይም ገንዘብ አጠራቅማችሁ ወይም ተበድራችሁ የሃይድሮሊክ ብረት መጭመቂያ ማሽን ለመግዛት ለተዘጋጃችሁ ወንድሞችና እህቶች ነው። እኔና ሁለት ሸሪኮቼ አቃቂ አካባቢ ላለው ግቢያችን «አዲስ፣ ባለ 125 ቶን» ተብሎ የተሸጠልን ማሽን አዲስም ባለ 125 ቶንም አለመሆኑን ያወቅነው ሙሉ ዋጋውን ከፍለን ሦስት ሳምንት ከሠራንበት በኋላ ነው። የሻጩን ስም አልጠቅስም፤ በዚህ መንገድ የሚሸጡት ብዙ ስለሆኑ የአንዱን ስም ማወቅ ከሌላው አያድናችሁም። የሚያድናችሁ ማሽኑን ራሳችሁ መለካት ነው።

ወደዚህ ግዢ የገፋን ችግር ለብዙዎቻችሁ የታወቀ ነው። ከምናለሽ ተራና በየሰፈሩ ከሚዞሩ ቆራሌዎች የሚመጣልን ዕቃ በአብዛኛው ላሜራ፣ ቆርቆሮ፣ የመኪና ቦዲና ጣሳ ሲሆን፣ ክብደቱ ትንሽ፣ የሚይዘው ቦታ ግን ብዙ ነው። 50 ኩንታል መሸከም የሚችል አይሱዙ 20 ኩንታል ሳይደርስ ሞልቶ ይሄዳል፤ ማቅለጫ ፋብሪካው የሚከፍለን በኪሎ፣ እኛ ለመኪናው የምንከፍለው ግን በምልልስ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ማሽን ከውጭ ማስመጣት ከአቅማችን በላይ ስለሆነብን፣ «ቀረጡ የተከፈለ፣ እዚሁ መጋዘን ያለ» የሚለው ቃል በቀላሉ አሸነፈን።

ሻጩ ማሽኑን ያሳየን በማለዳ፣ ዘይቱ ቀዝቃዛ ሳለ ነበር። ክዳኑ ተከፍቶ ተዘጋ፣ መግፊያው ወጣ ገባ አለ፣ ከዚያም እሱ ራሱ ያዘጋጀውን ስስ ቆርቆሮ ጨምቆ ጠርዙ የተስተካከለ ጥቅል አወጣልን። ይህ ሁሉ ከዐሥር ደቂቃ አልበለጠም፤ እኛም ረክተን ወደ ዋጋ ድርድር ገባን። ያላወቅነው ነገር ቢኖር ያረጀ ፓምፕና ያለቀ የሲሊንደር (ዘይት ገብቶ መግፊያውን የሚገፋበት ክብ የብረት በርሜል) ጎሚኒ ጉዳታቸውን የሚገልጡት ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን መሆኑን ነው። በእኛ ግቢ ማለዳ በሥራ ላይ 180 ባር ያሳይ የነበረው ጌጅ (የዘይት ግፊት መለኪያ) ከሰዓት በኋላ ወደ 130 ይወርድ ጀመር። በኋላ የጠራነው የሃይድሮሊክ ባለሙያ የዘይት ጋኑን ሲከፍተው፣ ለእንዲህ ያለ ማሽን በተለምዶ በሚሞላው 46 ቁጥር የሃይድሮሊክ ዘይት ፈንታ ከእሱ እጅግ የወፈረ የሞተር ዘይት ተሞልቶበት አገኘ። ወፍራም ዘይት በውስጥ የሚያፈስን ፓምፕ ለጥቂት ጊዜ ጤነኛ ያስመስለዋል። ስለዚህ ሙከራው ቢያንስ ለሁለት ሰዓት፣ ያለማቋረጥ፣ ከራሳችሁ ግቢ ጭናችሁ በወሰዳችሁት ብረት ይሁን፤ ሻጩ ይህን ከከለከለ ግዢውን እዚያው ተዉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይኸውም ማሽኑ ላይ የተለጠፈው የቶን ቁጥር ነው። የመጭመቂያ ኃይል ከምንም አይመጣም፤ የዘይቱ ግፊት በሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት ሲባዛ የሚገኝ ነው። አንድ ባር ማለት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል መጫን ማለት ስለሆነ፣ የውስጡ ዲያሜትር 160 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር 201 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል፤ ፓምፑ 250 ባር ቢሰጥ እንኳ የሚገፋው 50 ቶን ያህል ብቻ ነው። በዚሁ ግፊት 125 ቶን ለማግኘት የውስጡ ዲያሜትር 250 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። የእኛ ማሽን ዋና ሲሊንደር 160 ነበር፤ ያም በማለዳው 180 ባር ሲሰላ 36 ቶን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ 26 ቶን ማለት ነው። ሻጩን ስንጠይቀው የሰጠን መልስ የዋናውን ሲሊንደር፣ የጎኑንና የክዳኑን ኃይል አንድ ላይ ደምሮ መሆኑን ነው። ሁለቱ ባለ 160 እያንዳንዳቸው 50፣ ባለ 100 የሆነው የክዳኑ 20 ሲሆኑ ድምሩ 120 ይመጣል፤ «ትንሽ ማጠጋጋት ያለ ነው» አለን። ነገር ግን ሦስቱ ሲሊንደሮች የሚገፉት በተለያየ አቅጣጫና በየተራ በመሆኑ፣ ጥቅሉን መጨረሻ ላይ የሚያጠብቀው የአንዱ ኃይል ብቻ ነው። ሦስት ሰዎች በተለያየ ሰዓት 50 ኪሎ ስላነሡ አንድ ላይ 150 ኪሎ አነሡ እንደማይባል ሁሉ፣ ይህም ድምር ትርጉም የለውም።

ይህን ለማወቅ ማሽኑን መፍታት አያስፈልግም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ሜትሩን በዋናው ሲሊንደር ዙሪያ ጠምጥሙት። የውስጡ ዲያሜትር 250 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር የውስጥ ዙሪያው ብቻ 78 ሴንቲ ሜትር ተኩል ስለሚሆን፣ የብረቱ ውፍረት ሲጨመርበት የውጭው ዙሪያ ከዚያ በግልጽ መብለጥ አለበት። የእኛ በውጭ ሲለካ 63 ሴንቲ ሜትር ነበር። አንድ ሜትር አውጥተን በግማሽ ደቂቃ ልናውቀው የምንችለውን ነገር ሳንለካ ነው የሦስት ቤተሰብ ጥሪት ያስረከብነው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። አንዳንድ ማሽን ላይ ቁጥሩ በቶን ፈንታ በኪሎ ኒውተን ስለሚጻፍ፣ 1250 የሚል ስታዩ 1250 ቶን ሳይሆን 125 ቶን ያህል መሆኑንም ልብ በሉ።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ሚዛን ነው። የጥቅሉን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ለክታችሁ መዝኑት። ከእኛ ማሽን የወጣው 40 በ40 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥቅል 88 ኪሎ ብቻ መዘነ፤ ይህም በሜትር ኩብ 1,100 ኪሎ መሆኑ ነው። በደንብ የተጨመቀ ቀላል ብረት ወደ 2,000 ሊጠጋ ስለሚችል፣ ያው ጥቅል 150 ኪሎ አካባቢ በመዘነ ነበር። የላላ ጥቅል ጉዳቱ በመኪና ኪራይ ብቻ አያበቃም። ሲጫንና ሲወርድ ይፈታል፤ ፋብሪካ በርም ላይ በጥርጣሬ ይታያል። ጥርጣሬያቸውም ተገቢ ነው፤ በጥቅል ውስጥ የተደበቀ አፈር ያከስራቸዋል፣ የተዘጋ ዕቃ ወይም ውኃ ደግሞ በማቅለጫ ምድጃ ውስጥ ፈንድቶ ሠራተኛ ይገድላል። የእኛን የመጀመሪያ ጭነት ግማሹን ፈትተን እንድናሳይ ተገደናል።

ማሽኑ አሮጌ መሆኑን የገለጠልን ሞተሩ ነው። በላዩ የተለጠፈው አዲሱ የጽሑፍ ሰሌዳ ሲነሣ ከሥሩ 60 ኸርዝ (የመብራቱ ድግግሞሽ በሰከንድ) የሚል አሮጌ ሰሌዳ ተገኘ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ በመሆኑ ለ60 የተሠራ ሞተር እዚህ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ፓምፑም የሚሰጠው ዘይት በዚያው ልክ ያንሳል። ወዲያው የሚቃጠል ነገር ላይኖር ስለሚችል ማንም አይጠረጥርም፤ ሥራው ግን ይዘገያል። ከቀለሙ ሥር ደግሞ ዋናው ሲሊንደር የታሰረበት ጆሮ ተሰንጥቆ ተበይዶ፣ በላዩ ስቱኮ ተለቅልቆ ነበር። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱና በመገጣጠሚያዎቹ ላይ አሳልፉት፤ የማይዝበት ቦታ ካለ ቀለሙን ፋቁት።

ከገንዘቡ ሁሉ በላይ ያስደነገጠን የደኅንነቱ ጉዳይ ነው። ክዳኑ ሳይዘጋ መግፊያው እንዳይንቀሳቀስ የሚያግደው ስዊች በአንዲት ሽቦ ተቀጥሎ ከሥራ ውጭ ተደርጎ ነበር። አንድ ወጣት ሠራተኛችን የወጣ ላሜራ ሊመልስ እጁን ሲሰድ መግፊያው ተንቀሳቀሰ፤ ጓደኛው ጎትቶ አወጣው። የዚያን ዕለት ሥራ አቆምን። ሌላም አደጋ አለ፤ የተሰነጠቀ ቱቦ በ200 ባር የሚረጨው የቀጠነ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ መርፌ የወጋው ቢመስልም ወዲያውኑ ሆስፒታል ካልተሄደ እጅ ሊያስቆርጥ ይችላል። ፍሳሽ በእጅ አይፈለግም፤ በካርቶን ቁራጭ ነው። ሻጩ ፊት የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን ተጫኑ፤ ክዳኑንም ክፍት አድርጋችሁ መግፊያው መቆሙን ከሩቅ እዩ።

ስለ ሕጉ ሁለት ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን «ሸማች ነኝ፣ መብት አለኝ» እንላለን፤ ይሁን እንጂ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው እንጂ ለማምረት ሥራ ማሽን የሚገዛን አይደለም። እኛ የተደገፍነው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሽያጭ ድንጋጌዎች ላይ ነው። እነሱም ገዥ ዕቃውን ዕድል እንዳገኘ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃሉ፤ ክሱም ከማስታወቂያው ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ጉድለት ባያችሁ ቀን በስልክ ከመጨቃጨቅ ይልቅ ደብዳቤ ጽፋችሁ አስፈርሙ። «ፈትሼ ተረክቤያለሁ» የሚል ወረቀት ሙከራው ሳያልቅ አትፈርሙ፤ እኛ መፈረማችን ኋላ ብዙ ጎድቶናል። ከውሉ ውስጥ ደግሞ የአንድ ዓመቱ ዋስትና ፓምፕን፣ ቱቦንና ጎሚኒን እንደማይጨምር የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ከእነዚህ ውጭ የሚቀረው እንግዲህ የቆመው ብረት ነው። ያገዘን አንድ ነገር ቢኖር፣ ሻጩ «ዋጋውን አሳንሰን ደረሰኝ እንቁረጥ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክሱ ታተርፋላችሁ» ሲለን እምቢ ማለታችን ነው። ሙሉው ክፍያ በደረሰኝ ባይሰፍር ኖሮ የምንጠይቀው ገንዘብ ማስረጃ ባልኖረው ነበር።

ከአራት ወር ክርክር በኋላ በሽማግሌ ታርቀን ማሽኑን መለስን፤ ከከፈልነው ሦስት እጅ ሁለቱን አገኘን። ማሽኑ ግን አልተወገደም። ባለፈው ወር አንድ የሥራ ባልደረባችን ሊገዛው ስላሰበው ማሽን ምክር ሲጠይቀን በስልኩ ያሳየን ፎቶ ላይ ያው ማሽን፣ ከሰማያዊ ወደ ብርቱካናማ ቀለም ተቀይሮ፣ ዛሬም «አዲስ፣ 125 ቶን» ተብሎ ቆሟል። ቀለሙ እንደገና ቢቀየር እንኳ እንድታውቁት ምልክቱን ልንገራችሁ፤ በዘይት ጋኑ ላይ፣ ከደረጃ ማሳያው መስተዋት በስተቀኝ የመዳፍ ያህል የገባ ቦታ አለ፤ የዋናው ሲሊንደር ግራ ጆሮ ብየዳም ከቀኙ ይልቅ ወፍሮ ይታያል፤ ዙሪያው ደግሞ ማንም ቢቀባው 63 ሴንቲ ሜትር ነው።